ለራሴ 5 ሰጠሁ፣ እነሱ 2.4 ሰጡኝ

አሥር ወረቀት ነበር፣ የምመራቸው ነርሶች ስለ እኔ የሞሉት። የጓንት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፈው የገቡ። ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ መደመር ጀመርኩ። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ድምሩን ሁለቴ ሠራሁት። «ስናናግራት ታዳምጠናለች» ይላል ጥያቄው። የሚሞላው ከ5 ነው። አንድ ሰው 4፣ ሦስት ሰው 3፣ አምስት ሰው 2፣ አንድ ሰው ደግሞ 1 ሰጥቶኛል። ሲካፈል 2.4። እኔ ለራሴ የሰጠሁት 5 ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ነርሶች ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ከመሆኔ በፊት ዘጠኝ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰው እንዴት እንደሚመራ ያስተማረኝ የለም። ሥራዬን ስለማውቅ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍና ኃላፊነቱን ባንድ ቀን ሰጡኝ። አብዛኞቻችን እንዲህ ነው ኃላፊ የምንሆነው።

ጥሩ አዳማጭ ነኝ ብዬ ማመኔ ደግሞ ያለ ምክንያት አልነበረም። የሚመሰክርልኝ ወረቀት ነበረኝ። አዳማ ለሦስት ቀን የአመራር ሥልጠና ሄደን የባሕርይ መጠይቅ ሞልተን ነበር። ሰውን በአራት ፊደል የሚለየው፣ 16 ዓይነት ባሕርይ አለ የሚለው፣ ማየርስ ብሪግስ የሚባለው ዓይነት። ለእኔ የወጣልኝ ኢ-ኤን-ኤፍ-ጄ ነው። ማብራሪያው የሰው ስሜት የሚገባት፣ የሰው ችግር የምትሰማ ይላል። ደስ አለኝ። ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ስለዚያ መጠይቅ ያነበብኩት ቆይቼ ነው። መሠረቱ ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው ሐሳብ ነው። ወደ መጠይቅ የቀየሩት አሜሪካውያኑ እናትና ልጅ፣ ካትሪን ብሪግስና ኢሳቤል ብሪግስ ማየርስ ናቸው። ሁለቱም በሥነ ልቦና የሠለጠኑ አልነበሩም። ብዙ ሰው ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሲሞላው ሌላ ፊደል ይወጣለታል። ይበልጥ የቆምኩበት ግን የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ የበርትራም ፎረር ታሪክ ላይ ነው። ፎረር እ.ኤ.አ. በ1948 ተማሪዎቹን የባሕርይ ፈተና ሰጣቸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ «ያንተ ውጤት» ብሎ ወረቀት አደለ። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 እንዲሰጡ ሲጠይቃቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። ወረቀቱ ግን ለሁሉም አንድ ነበር። ዐረፍተ ነገሮቹን የወሰደው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

ይህን ሳነብ ግድግዳዬ ላይ ያለውን ወረቀት ቀና ብዬ አየሁት። መጠይቁን የሞላሁት እኔ ነኝ። ታዳምጫለሽ ወይ ብሎ የጠየቀው እኔን ነው። አዎ ያልኩትም እኔው ነኝ። መልሼ የሰማሁት የራሴን ቃል ነበር።

ወደ ሌላው መንገድ የገፋኝ ግን ንባብ አይደለም፤ አንድ ሌሊት ነው። አንዲት ተረኛ ነርስ የአንድ ሕፃን መድኃኒት መጠን ተጠራጠረች። ስልኬ ክፍት ነበር። አልደወለችልኝም። አጠገቧ የነበረችው ባልደረባዋ ስሌቱን አይታ አስተካከለችው፣ ሕፃኑም ምንም አልሆነም። ጠዋት ለምን አልደወልሽም ስላት ዝም አለች። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሕፃናት ክፍል ውስጥ መድኃኒት የሚሰላው በኪሎ ነው። አንዲት ነጥብ ቦታዋን ብትስት መጠኑ አሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነርስ አለቃዋን ለመጠየቅ ከፈራች ጥፋቱ የማን ነው?

በእኛ አገር መንገድ ላይ የማያውቁሽ ሴት «እህት፣ ነጠላሽ እየተጎተተ ነው» ይሉሻል። ለኃላፊ ግን እንዲህ የሚል የለም። ይሉኝታ አለ፣ ፍርሃት አለ፣ ነገ የፈረቃ ድልድል የምታወጣው እሷ ናት የሚል ስጋት አለ። ጆሴፍ ሉፍትና ሃሪንግተን ኢንግሃም የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጡት ባለ አራት ክፍል መስኮት አለ፣ ከሁለቱ ስም ገጣጥመው ጆሃሪ ያሉት። አንደኛው ክፍል እኔም ሌላውም የምናውቀው ነው። ሌላው እኔ የማውቀውና የደበቅሁት። አንዱ ማንም የማያውቀው። የቀረው ሌላው የሚያየው፣ እኔ ግን የማላየው ነው። ለብቻዬ የምሞላው መጠይቅ ወደዚህኛው ክፍል አያስገባኝም። በሩ ያለው በሌላው ሰው እጅ ነው።

ስለዚህ እነሱን ለመጠየቅ ወሰንኩ። ችግሩ ቃሉ ነው። «ግምገማ» ብዬ ብጀምር ሁሉም ይደነግጣል። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ግምገማ ያለ ሳምንት እራት አይበላም ነበር። ሂስና ግለ ሂስ የሚባለውን ነገር ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ያዩ ሰዎች ልጆች ነን። ሰው ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ጥፋቱ የሚፈለግበት ስብሰባ እንደነበር በቤታችን እንሰማ ነበር። ራስን መመርመር የሚለው ጥሩ ሐሳብ ከፍርሃት ጋር ተጣብቆ ነው የደረሰን። እኔ የጠየቅሁት በተቃራኒው ነው፦ የሚመዘነው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ኃላፊዋ ናት።

12 ጥያቄ አዘጋጀሁ። ጽሑፍ የሚባል ነገር የለበትም፣ ቁጥሩ ላይ ራይት ማድረግ ብቻ። አብረን ስለምንሠራ እጅ ጽሑፍ እንለያያለን፤ ቻርት፣ ማለትም የታካሚው መዝገብ፣ ላይ የማን ፊርማ እንደሆነ ከሩቅ ነው የምናውቀው። እስክሪብቶውም አንድ ዓይነት ሰማያዊ እንዲሆን አደረግሁ። ካርቶኑን የምትይዘው ከክፍላችን ውጭ ያለች የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። እኔም ያንኑ ወረቀት ስለ ራሴ ሞልቼ በፖስታ አሽጌ አስቀመጥኩ። ይህ የመጨረሻው ነገር ዋናው ነው። የእነሱን ካየሁ በኋላ ብሞላ ኖሮ 5 አልሰጥም ነበር።

ሥራ ታውቃለች በሚለው እኔ 4፣ እነሱ 4.7። ይህንንም አላውቅም ነበር። ሰባተኛውን ግን ነግሬያችኋለሁ። ያን ሌሊት ብዙ አልተኛሁም። መጀመሪያ 1 የሰጠኝ ማን ነው ብዬ ፊት በፊት አሰብኩ። አንድ በአንድ ስማቸውን ስጠራ ራሴን ያዝኩት። ሰው መፈለግ ከጀመርኩ አባቴን ወዳስፈራው ክፍል ገባሁ ማለት ነው።

በሳምንቱ ከጠዋቱ የፈረቃ ርክክብ በኋላ ውጤቱን ራሴ አነበብኩላቸው። 2.4ን ጮክ ብዬ። ማንም አልተናገረም። ቁጥር ስንት እንደሆነ ይናገራል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። ምን እንደሆነ የነገሩኝ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወር የቀራቸው ትልቋ ነርሳችን ናቸው። ከሰዓት መድኃኒት ክፍል ለብቻዬ አገኙኝ።

«ሲስተር፣ ልጄ፣ ትሰሚያለሽ። ግን ስናወራሽ ቻርት ትገልጫለሽ። ዓይንሽን አናየውም። ደግሞ ስህተት ስታገኚ እዚያው ርክክብ ላይ ነው የምትናገሪው፤ እናቶቹ እየሰሙ።»

ለእኔ ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ መሥራት ነበር። ለእነሱ ፊት መንሳት ነው። ያቺ ያልደወለችው ነርስም ከዚያ ሌሊት ሁለት ሳምንት በፊት የሙቀት መጠን ሳትመዘግብ ቀርታ፣ አሥር ሰው ፊት ተናግሬያታለሁ። ያን ቀን ትክክል ነበርኩ። መመዝገብ ነበረባት። ትክክል መሆኔ ግን ማታ ስልክ እንድታነሳ አላደረጋትም።

ከዚያ ወዲህ ርክክብ ላይ እስክሪብቶዬን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። እርማት ካለ በሩን ዘግተን መድኃኒት ክፍል ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን እጄ በየቀኑ ወደ ኪሴ ይሄዳል። ግድግዳዬ ላይ የነበረውን ወረቀት አንሥቼ ሰባተኛውን ጥያቄ ለጠፍኩ።

በስድስት ወሩ ያንኑ ወረቀት ደግመን ሞላን። ሰባተኛው 3.3 ሆነ። «ፈጥና ትወስናለች» የሚለው ደግሞ ከ4.5 ወደ 3.9 ወረደ። አንዱ ሲወጣ ሌላው እንደሚወርድ አልጠበቅሁም ነበር፤ አሁንም እያሰብኩበት ነው።

ከአሥሩ ወረቀት አንዱ ላይ ግን ያልጠየቅሁት ነገር ነበር። ከታች በባዶው ቦታ በእስክሪብቶ ተጽፏል፦ «ጠዋት ጠዋት አሁንም ትቸኩያለሽ።» ጽሑፉን እንዳየሁ አወቅሁት። ያቺ ያልደወለችው ነርስ ናት። እንደማውቀውም ታውቃለች።