ተራ ያጠፋው ሊስት

የቀጠሮ ማስያዣ ሲስተም እየሠራን ነበር። ሰው በስልኩ ይመዘገባል፤ ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ ይጠራል። መልስ ሲዘገይበት ደጋግሞ የሚጫን ስላለ፣ የተደጋገመውን ማጥራት ነበረብን። አንዱ ባልደረባዬ ሊስቱን (ተራ የሚጠብቀውን ዝርዝር) ወደ ሰት (ድግግሞሽ ወደማይቀበል፣ ተራ ግን ወደማይጠብቅ ስብስብ) ቀይሮ መልሶ ሊስት አደረገው። ኮዱ ከመግባቱ በፊት በሚታይበት ሪቪው ላይ «ይሄ ተራ ያጠፋል» ብዬ ጻፍኩ።

ወንበሩን አዞረና «ና እይ፣ ምንም አልሆነም» አለኝ። ቴስቱ ላይ ኮዱን የሞከረባቸው ከ1 እስከ 10 ያሉ ቁጥሮች ናቸው፤ ተሰልፈው ገብተው ተሰልፈው ወጡ።

«በስልክ ቁጥር ሞክረዋ።»

«እሱስ ቁጥር አይደል እንዴ?»

አይደለም። ስልክ የሚቀመጠው በስትሪንግ፣ ማለትም እንደ ጽሑፍ ነው፤ አለዚያ የፊቱ ዜሮ ይጠፋል። ሰት የእያንዳንዱን ነገር ቦታ የሚወስነው በሃሹ፣ ማለትም ከነገሩ በሚሰላ ቁጥር ነው። በምንጽፍበት ቋንቋ በፓይተን የትንሽ ቁጥር ሃሽ ራሱ ቁጥሩ ስለሆነ ሰት ውስጥም የተሰለፈ ይመስላል። የስትሪንግ ሃሽ ግን ከፓይተን 3.3 ወዲህ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ በተነሳ ቁጥር ይለያያል። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። «አንተ ደግሞ ነገር ታከብዳለህ» ብሎ ኮዱን አስገባው።

ብዙም ሳይቆይ ከእንግዳ መቀበያ ተደወለ። «ጠዋት አንደኛ የነበሩት አባት አሁን አሥራ አራተኛ ሆነዋል፤ ምን ልበላቸው?» በመሀል ሰርቨሩ ሪስታርት ተደርጎ ነበር። ስብሰባ ላይም ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው ተባለ። ሪቪው ላይ የጻፍኩትን ያነሳ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

«በቃ ሶርት ላድርገው፣ ሁሌ አንድ ዓይነት ይሆናል» ሲል ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ሶርት፣ ማለትም በስልክ ቁጥሩ ቅደም ተከተል መደርደር፣ የጠፋውን ተራ አይመልስም፤ ስህተቱን ቋሚ ያደርገዋል እንጂ። የድሮ 0911 ያለው ሁሉ፣ ጠዋት ይመዝገብ ማታ፣ በ0944 ጎህ ሳይቀድ ከተመዘገበው በፊት ሊጠራ ነው። ስህተቱ ስለማይዋዥቅ ደግሞ ማንም አይደውልልንም፤ ሰዎቹ ግን ወረፋቸውን እየተነጠቁ ይቀመጣሉ።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፦ በሰት ፈንታ ዲክት.ፍሮምኪስ (dict.fromkeys) የሚባለው የፓይተን ትእዛዝ። የተደጋገመው ይወጣል፣ እያንዳንዱ መጀመሪያ በገባበት ቦታ ይቆያል። 3.6 ላይም ይሠራ ነበር፤ የቋንቋው ደንብ የሆነው ግን ከ3.7 ጀምሮ ነው፤ እኛ ደግሞ ከዚያ በላይ ነን። ቴስቱንም ቀየርኩት፦ ሆን ተብሎ የተዘበራረቁ ስልኮች፣ በተለያየ የሃሽ ሲድ (የሃሹ ስሌት መነሻ ቁጥር) እየተነሱ የሚሞከሩ። «ያዘገየናል፣ ይውጣ» ያለ ሰው ነበር። አላወጣሁትም።