ሽቦውን ከያዘው በፊት፦ የ1982ቱ የዓባይ ድልድይ ተጠያቂ ማን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ የየካቲት 24 ቀን 1982 ዓ.ም. ወሬ ሲነሣ ክርክሩ ቶሎ ብሎ ድልድዩን ያፈነዳው መሐንዲስ ላይ ያርፋል። የደርግ መንግሥት ሦስተኛው አብዮታዊ ሠራዊት በዚያን ቀን ከተማዋን በትርምስ ለቆ ሲወጣ የዓባይ ድልድይ በፈንጂ ተመታ፤ የገዛ ወታደሮቹም የፍንዳታው ሰለባ ሆኑ። በቀናት ውስጥ መንግሥት ከተማዋን መልሶ ያዘ። ኢሕአዴግ ለዘለቄታው የገባው በዓመቱ፣ በዘመቻ ቴዎድሮስ ነው።

መሐንዲሱን መውቀስ አይከብድም፤ የማፈንጃው ሽቦ የነበረው እሱ እጅ ነው። ነገሩን በደንብ ለሚመረምር ግን ቀድሞ የሚፈለገው የትእዛዙ ወረቀት ነው። ማን ፈረመው? በስንት ሰዓት ደረሰ? ምን ይላል?

ሲያፈገፍጉ ድልድይ ማፍረስ በየትኛውም ሠራዊት የታወቀ ሥራ ነው፤ ሥርዓትም አለው። ፈንጂው ቀደም ብሎ ይጠመዳል፤ አቀጣጣዩ ግን እስከ መጨረሻው ለብቻው ይቀመጣል፤ አለዚያ አንድ የደነገጠ ሰው ሁሉን ነገር ያበላሻል። የማፈንጃው መስመር ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲሠራ። ጠላት በሚመጣበት ጫፍ ጠባቂ ኃይል፣ በወዲህኛው ጫፍ አፈንጂው ቡድን ይቆማል። ለቡድኑ አዛዥ የሚሰጠው የጽሑፍ ትእዛዝ ሦስት ነገር ካልያዘ ትእዛዝ አይባልም፦ «አፈንዳ» ማለት የሚችለው ማን እንደሆነ፣ ትእዛዙ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቅበት የምስጢር ቃል፣ እና ምንም ትእዛዝ ሳይመጣ ጠላት ድልድዩ ላይ ቢወጣ ምን እንደሚደረግ። ሦስተኛው ሲጎድል አንድ መቶ አለቃ በጨለማ፣ ተኩስ እየሰማ፣ ሬዲዮው ዝም ብሎበት፣ የክፍለ ጦርን ዕጣ ብቻውን ይወስናል።

ቀጥሎ ቆጠራው አለ። የሚሻገሩት ክፍሎች ዝርዝር ድልድዩ አፍ ላይ በቆመው መኮንን እጅ ይሆናል፤ ክፍሉ ባለፈ ቁጥር ስሙ ይሰረዛል። ከሁሉ ኋላ የሚሻገረው ጦር፣ የደጀኑ፣ አዛዥ በመጨረሻ በአካል መጥቶ «ከእኔ በኋላ የወገን ጦር የለም» ይላል። በሬዲዮ ብቻ የተባለ አይታመንም።

ሰዓቱም ቢሆን በስሌት እንጂ በግምት አይሆንም። 300 ተሽከርካሪ በ50 ሜትር ርቀት ቢሰለፍ ሰልፉ 15 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ድልድዩን አልፎ ለመጨረስ 45 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሌሊት መብራት አጥፍቶ በ10 ከሄደ አንድ ሰዓት ተኩል። እግረኛው፣ ቁስለኛውና ጓዙን የያዘው የወታደር ቤተሰብ ገና አልተቆጠሩም። ድልድዩ ጫፍ ላይ ጎታች መኪና ከሌለ ደግሞ መሐል ላይ የቆመ አንድ ኡራል የጭነት መኪና ሁሉንም ይገትራል። እንግዲህ የመልቀቂያው ትእዛዝ የሁለት ሰዓት መንገድ ለቀረው ጦር ድልድዩ ሊፈርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ከደረሰ፣ ማን ማዶ እንደሚቀር ሽቦው ሳይነካ ተወስኗል።

ባሕር ዳር ላይ ይህ ሁሉ የሚብሰው በመልክዓ ምድሩ ነው። ከጎንደርና ከደብረ ታቦር የሚመጡት መንገዶች ወረታ አካባቢ ተገናኝተው በአባይ ማዶ በኩል እዚያው ድልድይ ላይ ይወድቃሉ። ከላይ ጣና ነው። ከታች ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ለእግረኛና ለበቅሎ እንጂ ለታንክ የተሠራ አይደለም።

ጥፋቱን ወደ ታች መግፋት የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 1813 የናፖሊዮን ጦር ከላይፕዚግ ሲወጣ በኤልስተር ወንዝ ላይ የነበረው መውጫ አንድ ብቻ ነበር። የማፍረሱ ሥራ ከጄኔራል ወደ ኮሎኔል ሞንፎር፣ ከእሱም ወደ አንድ የበታች ሹም ወረደ። ሰውየው የጠላት ተኳሾችን ሲያይ ጊዜው ሳይደርስ አፈነዳው፤ ደጀኑ ማዶ ቀረ። ማርሻል ከሆነ ገና ሦስት ቀኑ የነበረው ፖላንዳዊው ፖኒያቶቭስኪ ወንዙ ውስጥ ሰጠመ። ናፖሊዮን ኮሎኔሉንና የበታች ሹሙን ወቀሰ። ተጨማሪ ድልድይ ይሠራ ብሎ ያላዘዘው ግን ራሱ ነው።

በርማ ውስጥ ሲታንግ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1942 የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ከጃፓን ጦር ፊት ያፈገፍግ የነበረው የእንግሊዝ ክፍለ ጦር አዛዥ ጄኔራል ስሚዝ ቀደም ብሎ ከወንዙ ወዲህ ልሻገር ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ፈቃዱ ዘገየ። ድልድዩን ይዞ መቆየት እንደማይቻል ሲነገረው እንዲፈርስ አዘዘ፤ አብዛኛው የሁለት ብርጌድ ጦር ማዶ ቀረ። ከሥልጣን የተነሣውም እሱ ነው። በዚያ ንጋት ሌላ ምርጫ ነበረው ብዬ አላምንም፤ ምርጫው ያለቀው ቀናት ቀደም ብሎ፣ ፈቃዱ በዘገየበት ቢሮ ነው።

የእኛው ሠራዊት ውስጥ ፈቃድ መጠየቅ ራሱ ምን ያህል ያስፈራ ነበር? በየካቲት 1980 ኤርትራ ውስጥ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ፤ በወሩ ዕዙ አፋቤት ላይ ተደመሰሰ። ከግንቦት 8 ቀን 1981 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ልምድ ያላቸው ጄኔራሎች ተገደሉ፣ ታሰሩም። ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳር ይቀመጣል። በዚያው የካቲት 1982 ምፅዋ ጠፍታለች። እንዲህ ባለ ሠራዊት «ብንሸነፍ በዚህ ቅደም ተከተል እንሻገራለን» ብሎ የሚጽፍ መኮንን የራሱን ክስ ይጽፋል። ስለዚህ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ማቀድን ወንጀል ላደረገው ጠቅላይ አዛዥ፣ ለኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነው። ሁለተኛው የሠራዊቱ መምሪያ ነው፤ ፈንጂ ካስጠመደ የመሻገሪያ ዝርዝርም ማዘጋጀት ነበረበት። መሐንዲሱ የሚጠየቀው ከተሰጠው ትእዛዝ ወጥቶ ከሆነ ብቻ ነው።

«ድልድዩ ባይፈርስ ታጋዮቹ ያኔውኑ ይገቡ ነበር» የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸው ውኃ ያነሣል፣ በእርግጥም አልገቡም። ይህ ግን ማፍረሱን እንጂ የፈረሰበትን ሰዓት ነጻ አያወጣም።

ከቀድሞ ወታደሮች ቃል የምትቀዱ ሁሉ «ማን አፈነዳው?» የሚለውን ለመጨረሻ አቆዩት። የመልቀቂያው ትእዛዝ ክፍላቸው ዘንድ በስንት ሰዓት እንደደረሰ፣ በጽሑፍ ይሁን በቃል፣ ድልድዩ አፍ ላይ ዝርዝር ይዞ የቆመ ሰው ካለ፣ ከማንስ ቀጥሎ እንዲሻገሩ ተነግሯቸው እንደነበር አስቀድማችሁ ጠይቁ።