ሚኒሞ ላይ የሚንዘፈዘፍ ፔጆ

ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር፣ የሚንዘፈዘፍ ሞተር ስሰማ እጄን ይበላኛል። ሰሞኑን ያገኘኝ ደግሞ የምወደው መኪና ነው። የአጎቴ ፔጆ 404።

ፈረንሳይ ውስጥ ይህ ሞዴል ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ተመርቶ ቆሟል። ሐረር ላይ ግን ዛሬም ሰው አሳፍሮ ጀጎል ይገባል። ከሐረር ታክሲ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳ መኪና ነው። ሞተሩ አራት ሲሊንደር ሲሆን ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ተብሎ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ተጋድሟል። ኮምፒውተር የለው፣ ሴንሰር የለው። የታመመውን በጆሮና በዓይን ታገኙታላችሁ። እኔን የሚማርከኝም ይኸው ነው።

አጎቴ ድሬዳዋ ድረስ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ስነዳው ምንም አይለውም፤ ተሳፋሪ ልጭን ስቆም ግን ይንዘፈዘፍና ይጠፋብኛል» አሉኝ። አንድ ጋራዥ አሳይተውት ነበር። እዚያ የካርቡራተሩን (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ክፍል) ቪቴ፣ ማለትም ማስተካከያ ብሎኑን፣ አዙረው ሚኒሞውን ከፍ አደረጉላቸው። መንዘፍዘፉ ቀነሰ፣ ቤንዚኑ ግን አለቀ። ይህ ነገር ያናድደኛል። ትኩሳት ለያዘው ሰው ብርድ ልብስ እንደመደረብ ነው። ቤንዚን ለማግኘት ስንት ሰዓት በሚሰለፍበት አገር፣ የታክሲ ሰው ቆሞ ባለበት ነዳጅ ሲያቃጥል መዋል የለበትም።

ቅዳሜ ወጣሁ። የደንገጎን ዳገት ስወጣ ሐሳቤ ከፍታው ላይ ነበር። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ነች። ሐረር ከ1,800 ሜትር ታልፋለች። መሐል ላይ ሐረማያ ከሁለቱም ትበልጣለች። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራተር ግን ይህን አያውቅም። ቤንዚኑን እንደ ለመደው ይሰጣል፤ ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል። ድሬ ላይ የተስተካከለ መኪና ሐረር ሲደርስ ሚኒሞው ቢከብደው አይገርምም። ድብልቁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላም ጥላሸት ይይዛል።

የአጎቴ መኪና ግን ሐረር የሚኖር፣ ሐረር የተስተካከለ ነው። ለማንኛውም ሞተሩን አሙቄ፣ ሚኒሞ ላይ ትንሽ አቆይቼ አጠፋሁና ካንዴላዎቹን ፈታሁ። ጥቁር አይደሉም። አራቱም ነጣ ብለዋል። ጤነኛ ካንዴላ ፈካ ያለ ቡናማ ነው፤ ነጣ ካለ ቤንዚኑ አንሷል ወይም አየሩ በዝቷል ማለት ነው።

መልሼ ገጠምኳቸውና ሞተሩን አስነስቼ የካንዴላውን ገመድ በየተራ ነቀልኩ። ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፒንሳ ነው፤ በባዶ እጅ አይሞከርም። አንዱ ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ድሮም አልሠራም ማለት ነው። እዚህ ግን አራቱም ሲነቀሉ ሞተሩ እኩል ወረደ። ስለዚህ ችግሩ የአንዱ ሳይሆን የጋራቸው ነው። የጋራቸው ደግሞ ካርቡራተሩ፣ ፑንቲናው (ለካንዴላው ብልጭታ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ)፣ አየሩ ነው።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ቢያውቀው የምወደው ነገር አለ። ሚኒሞ ላይ የካርቡራተሩ በር ሊዘጋ ምንም አይቀረውም። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ጥቂት ነው። በጎን በኩል እንደ ፀጉር በቀጠነች ስንጥቅ የሚገባ አየር፣ ከዚያ ጥቂት አየር ላይ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ነዳጅ ሲሰጠው ግን አየሩ በብዛት ይገባልና የስንጥቋ ነገር ይረሳል። «ስነዳው ምንም አይለውም» ያሉኝ ለዚህ ነው። አጎቴ ሕመሙን በትክክል ነግረውኝ ነበር፤ የሚሰማቸው ጠፍቶ እንጂ።

ካርቡራተሩ በተቀመጠበት መጋጠሚያ ዙሪያ በቀጭን ብሩሽ የሞተር ዘይት ቀባሁ። አንዳንዶች ቤንዚን ይረጫሉ። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ዘይቱ የኋላውን ጥግ ሲነካ ሞተሩ ጸጥ ብሎ ተረጋጋ። ዘይቱ ተስቦ ሲያልቅ መንዘፍዘፉ ተመለሰ። ተገኘ!

ስፈታው ጓርኒሲዮኑ፣ በመጋጠሚያው መሐል የሚገባው ማሸጊያ፣ ደርቆ ተሰንጥቋል። አንዱ ዳዶ ላልቷል። የካርቡራተሩን መቀመጫ ቀጥ ባለ ብረት ለካሁት፤ ዳዶ ከልክ በላይ ሲጠብቅ መቀመጫው ይጎብጣልና። ደግነቱ ደህና ነው። ከጓርኒሲዮን ወረቀት ቆርጬ አዲስ ሠራሁለት። ቤንዚኑ በልክ የሚያልፍባቸውን ባለ ቀጭን ቀዳዳ ጂግለሮችም አውጥቼ በአየር ነፋሁ፤ በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም። ፑንቲናውን አጽድቼ ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ አደረግኩት።

ቪቴውን የነካሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እዚያው ሐረር፣ ሞተሩ እንደሞቀ። የድብልቁን ቪቴ ሞተሩ በደንብ እስኪዞርና ድምፁ እኩል እስኪሆን፣ ከዚያ ሚኒሞውን ዝቅ። አጎቴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን መሪው ላይ ጣል አደረጉ። ምንም አልተናገሩም፣ ሳቁ ብቻ።

ሸዋ በር ደርሰን ተመለስን። በየማቆሚያው አልጠፋም። የቀረው የቫልቭ ክፍተት ነው፤ እሱ የሚለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያድር ስለሆነ ለሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ተቀጣጥረናል። መለኪያውን ከድሬ ይዤ እሄዳለሁ።