ማርሽ የሚተፋው ትራክተራችን

ቆቦ ሜዳ ላይ ለማሽላ ሳርስ አሮጌው ትራክተራችን ሦስተኛ ማርሽ መትፋት ጀመረ። ሲጎትት ደህና ነው፤ ነዳጅ ስቀንስ ግን ዘንጉ ቀጭ ብሎ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ሳምንቱን ሙሉ ዘንጉን በጉልበቴ ደግፌ አረስኩ። ሞኝነት ነው፤ እንዲህ ሲደገፍ ፎርኬታው (ማርሹን የሚገፋው ሹካ መሰል ብረት) ይበላል።

እኔ የጠረጠርኩት ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውንና የሚያለያየውን) ነበር። ከወልድያ የመጣው መካኒክ ሳቀብኝ፦ «አብሽር ወንድሜ፣ ፍሪሲዮን ቢንሸራተት ሞተሩ ይጮሃል፣ ጉልበት ያጣል እንጂ ማርሹ አይወጣም።»

የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ክዳን ከፈትን። ማርሹን ቦታው ላይ የምትይዘው የብረት ኳስ ደህና ናት፤ የምትገፋት ሞላ ግን ለሁለት ተሰብራለች። ጣት የማታህል ነገር! እሷን ቀየርን። የሦስተኛው ጥርስ ጫፍም ትንሽ ተድቦልቡሏል፤ እሱን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ ስላለበት ከአዝመራ በኋላ ይሁን ብያለሁ። እስከዚያው ቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ነው የምወርደው።