በፍርድና በቪዛ መካከል

ግንቦት 2003 ዓ.ም.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ልደታ በሚገኘው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቀርበን፣ የጉዲፈቻ ውላችን ጸድቆልን፣ እኔና ባለቤቴ በሕግ የአንድ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ወላጆች ሆነናል። ልጁ ግን አዲስ አበባ በሕፃናት ማሳደጊያ ቀርቷል፤ እኛ ሜሪላንድ ገብተናል። እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት የሚደውል ዘመድና ወዳጅ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ "ታዲያ ልጁስ?" ማለቱ አይቀርም። ለእያንዳንዱ በስልክ ማስረዳት ስለሰለቸኝ፣ ለራሴም ነገሩን በቅጡ ለመረዳት ስለፈለግሁ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ቀደም ሲል አብዛኞቹ አሳዳጊዎች ጉዳያቸውን በወኪል ጨርሰው ልጁን ለመውሰድ አንድ ጊዜ ብቻ ይጓዙ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ፍርድ ቤቱ ልጁን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ራሳችሁ ቀርባችሁ ቃላችሁን ስጡ ስለሚል ጉዞው ሁለት ሆኗል። በዚህ የሚያማርሩ አሉ፤ እኔን የሚገርመኝ ግን አንድን ሕፃን ሳያዩ በፊርማ ብቻ ወላጅ መሆን ይቻል የነበረበት ጊዜ ነው። የሚከብደው ጉዞው ሳይሆን በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ያለው ነው። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የእኛ ነው ያለውን ልጅ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ እንደገና ከመጀመሪያው ይመረምረዋል። ያ ሕግ ወላጅ አልባ የሚለው ማንን እንደሆነ የራሱ ትርጉም ስላለው፣ አይ-600 በሚባለው ቅጽ የምናቀርበው ማመልከቻ ከልጁ ታሪክ ጋር መስማማቱን ኤምባሲው ያጣራል፤ ከተጠራጠረም የበለጠ ማስረጃ ይጠይቃል። እስከዚያው በአዲሱ ፍርድ መሠረት የልደት ምስክር ወረቀትና ፓስፖርት ይወጣለታል፣ የሕክምና ምርመራም ይደረግለታል። ሁለት ዓመት ለሞላው ልጅ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ግዴታ ነው፤ በሽታው ከተጠረጠረ አክታው በላቦራቶሪ ተዘርቶ ውጤቱ እስኪነበብ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ አይ አር-3 የተባለው ቪዛ ይሰጠዋል፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረትም የአሜሪካን መሬት ከእኛ ጋር በረገጠበት ሰዓት ዜጋ ይሆናል። እኛም በበኩላችን ቆመን አንጠብቅም፤ ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን ማጣሪያ የሰጠነው የጣት አሻራ በ15 ወር ጊዜው ስለሚያልፍ ቀኑን እየቆጠርን ነው።

ጉለሌ የምትኖረው አክስቴ ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስነግራት ጸጥ ብላ ሰማችኝና፣ "ዳኛ የፈረደልሽን ልጅ የሚከለክልሽ ማን ነው? እኔ ዘንድ አምጪው፤ ዘጠኝ ያሳደግሁ ሰው አንድ ሕፃን ያቅተኛል?" አለችኝ። ቪዛው እስኪወጣ ልጆቹ ከማሳደጊያው እንዳይወጡ ደንብ እንዳለ ስነግራት ደግሞ፣ "እትዬ፣ ደንቡ ነው እኮ" ማለቴ ጭራሽ አናደዳት። "እኛ ስንቱን የዘመድ ልጅ አሳድገን ስንድር ደንብ የጠየቀን የለም!" አለች። መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው፤ በእሷ ቤት ያደጉት ልጆች ግማሾቹ የማን እንደሆኑ እኔ እንኳን ያወቅሁት ከጎለመስኩ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ የእነዚያ ልጆች እናቶች በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ግን ዶሮ ይዞ የሚመጣ የለም።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ያየሁት የጣት አሻራ ነው። የልጁ እናት ሞታለች፤ ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ ከሆሳዕና መጥተው ቃላቸውን የሰጡት ከእኛ ቀደም ብሎ በነበረው ቀጠሮ ስለሆነ አልተገናኘንም። ፊርማ ስለማያውቁ በውሉ ግርጌ በሐምራዊ ቀለም አውራ ጣታቸውን አሳርፈዋል። ዳኛዋ ልጁን አይተነው እንደሆነ፣ ወደፊት ልጅ ብንወልድ ምን እንደምናደርግ፣ ጉዲፈቻ በቀላሉ የማይሻር መሆኑን ማወቃችንን ጠየቁን፤ መለስን፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ "እንኳን ደስ ያላችሁ" ብለው ሌላ መዝገብ ጠሩ። ስለ አያቱ የጠየቀን የለም። እኔ ግን ወደ ማረፊያችን እንደተመለስን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን፣ አውጥቼ አንቀጽ 183ን ደጋግሜ አነበብሁት። የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም ይላል፤ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ብቻ የጉዲፈቻው ይቀድማል። በአሜሪካ የምናውቀው አሠራር በአብዛኛው የቀድሞውን ዝምድና በሕግ ፊት የሚዘጋ ነው። እኔ ወላጅ የሆንኩት በኢትዮጵያ ሕግ ነውና፣ አያቱም በሕግ አያቱ እንደሆኑ ይቀጥላሉ ማለት ነው።

በእንግዳ ማረፊያው የነበሩት አሜሪካውያን ጥንዶች አማርኛ ስለምናገር ዕድለኛ እንደሆንኩ ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። ልጁ ግን ከአያቱ ጋር የኖረው በሀዲይኛ ነው፤ አማርኛውን የለቀመው ከሞግዚቶቹ ነው። "ብላ"፣ "ተኛ"፣ "እጅህን ታጠብ" እንዳልሁት ያደርጋል፤ ከዚያ የዘለለ ወሬ ስጀምር ዝም ብሎ አፌን ያያል።

መመለሻው በረራ ረጅም ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላኑ ለዋሽንግተን የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ መነሳት አይችልም፤ ስለዚህ ሮም ላይ ይቀዳል። እኛ ከኋላ በተቀመጥንበት ረድፍ ማዶ አንድ ባልና ሚስት ሁለተኛ ጉዟቸውን ጨርሰው እህትና ወንድም የሆኑ ሁለት ልጆች ይዘው ይመለሱ ነበር። ሮም ላይ ቆመን ሳለ ትልቋ፣ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ "ሽንቴ መጣ" ብላ ማልቀስ ጀመረች። አባትየው ውሃ ሰጣት፤ ብስኩት ሰጣት፤ ቀበቶዋን አላላላት። ተነሥቼ ነገርሁትና እናትየው ይዛት ሄደች። ከዚያ በኋላ አባትየው ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቶ የሚያስፈልጉትን ጥቂት ቃላት እንዳስጽፈው ለመነኝ፤ ከሮም እስከ ውቅያኖሱ መሐል አብረን ስንጽፍ፣ ስንለማመድም ቆየን። ደግ ሰው ነው፤ ልጆቹንም እንደሚወድ አያጠራጥርም። ይሁንና ልጅቷ ከእናትየው ጋር ተመልሳ ከተቀመጠች በኋላ የምታወራው ለእኔ ነበር፤ ስለ ትንሹ ወንድሟ፣ ስለ አንዲት ላም፣ እማማ ስለምትላቸው ሴት። እማማ መቼ እንደሚመጡ ጠየቀችኝ። የነገረችኝን ላስተረጉምላቸው ወይስ ልተወው ብዬ ትንሽ አመነታሁና ለሁለቱም ነገርኋቸው። እናትየው ስለ ሴትዮዋ ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም ነበር።

በ2010 እ.ኤ.አ. የበጀት ዓመት አሜሪካውያን ከኢትዮጵያ ከ2,500 በላይ ልጆችን በጉዲፈቻ ወስደዋል፤ በዚያ ዓመት ከቻይና በስተቀር የሚበልጣት አገር አልነበረም። ባለፈው መጋቢት የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን የሚያየውን የጉዲፈቻ መዝገብ ወደ አምስት ዝቅ አድርጓል። ገና ፍርድ ያላገኙት ጥንዶች በዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ በነሐሴና በመስከረም ለዕረፍት እንደሚዘጋ ሲያስቡ እንቅልፍ ያጣሉ፤ አንዳንዶቹ በማረፊያው ሳሎን ሲያለቅሱ አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። አዝንላቸዋለሁ። ነገር ግን ከዚያ በረራ በኋላ መዝገብ ሁሉ በዝግታ ቢነበብ፣ ከእያንዳንዱ ልጅ በስተጀርባ ያለችው "እማማ" ማን እንደሆነች ተጠይቃ ቢጻፍ የእኔን ጉዳይ ቢያዘገየውም አልቃወምም። ባለቤቴ በዚህ አይስማማም፤ "ልጁ በየወሩ እያደገ ነው" ይላል፤ እሱም እውነት አለው።

ከወሰድነው በኋላ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ ከዚያም እስከ 18 ዓመቱ በየዓመቱ ስለ ልጁ ሪፖርት እንድንልክ ግዴታ ገብተናል። ሪፖርቱ ወደ መሥሪያ ቤት ይሄዳል እንጂ ወደ ሆሳዕና አይሄድም፤ ቢሄድም አያቱ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ለማሳደጊያው ማኅበራዊ ሠራተኛ ጽፌአለሁ። በሁለተኛው ጉዞ ወደ ኤምባሲው ከመሄዳችን በፊት ሆሳዕና መድረስ እንደምንፈልግ፣ ሀዲይኛ የሚያስተረጉምልን ሰው እንድታፈላልግልን፣ ከአያቱ ቤት አቅራቢያ ስልክ ያለው ጎረቤት ካለም ቁጥሩን እንድትቀበልልን ጠይቄአታለሁ። ባለቤቴ ደብዳቤውን አንብቦ፣ አያቱ ልጁን መልሱልኝ ቢሉ ምን ልትመልሺላቸው ነው አለኝ። መልሱን ገና አላገኘሁትም፤ ደብዳቤውን ግን ልኬዋለሁ።