መድረቅ ያቃተው እንጨት

ከትናንት ጀምሮ ያለማቋረጥ ይዘንባል። እንዲህ ባለ ቀን ልቤ ቤት አይውልም፤ አሜሪካ ውስጥ በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ በየብስ ላይ ተደግፋ ከቆመችው ከአሮጌዋ ባለሸራ ጀልባዬ ዘንድ ነው። ብዙ ሰው ጀልባን የሚያበሰብሰው ባሕሩ ይመስለዋል፤ ጨው ግን እንጨት የሚበላውን ፈንገስ ያዳክመዋል፤ የሚያስፈራኝ ከሰማይ የሚወርደው ውሃ ነው።

መሪውን ይዘን የምንቀመጥበት የጎድጓዳው ክፍል ወለል ከእግር በታች መርገብ ጀምሮ ነበር። በመዶሻ ሳንኳኳው ደህናው ቦታ ጥርት ያለ፣ የተጎዳው ደግሞ የታፈነ ድምፅ ሰጠኝ። የላይኛውን ፋይበርግላስ (በሙጫ የጠነከረ የመስታወት ክር ልባስ) ቆርጬ ሳነሣው ከሥሩ ያለው ኮምፔርሳቶ ጠቁሯል፤ ካቻቪቴ ሳስነካው እንደ ቡና አተላ ፈረሰ። መነሻው ማሸጊያዋ በዕድሜ ብዛት የተሰነጠቀ አንዲት የብሎን ቀዳዳ ናት። ኮምፔርሳቶ የሚሠራው ስስ የእንጨት ንብርብሮች የቃጫቸው አቅጣጫ እየተፈራረቀ ተጣብቀው ስለሆነ፣ አንዲት ቀዳዳ ሁሉንም ንብርብር በአንድ ጊዜ ትከፍታለች፤ ውሃውም ቃጫውን እየተከተለ በአራቱም አቅጣጫ ይጓዛል።

ትንንሽ ቀዳዳዎች በስቶ ኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሚጠጥር ሙጫ) ማፍሰስ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በዚህ አላምንም። እርጥብ እንጨት ኤፖክሲን በሚገባ አይጠጣም፤ የበሰበሰውም ቃጫ ቀድሞ የነበረውን ጥንካሬ አያገኝም። ስለዚህ ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ድረስ መቁረጥ፣ ጠርዙን በሰያፍ ዝቅ እያደረጉ መላግ፣ አዲሱንም በዚያው ልክ ልጎ ማጣበቅ ያስፈልጋል። የሰያፉ ርዝመት የውፍረቱን 8 እጥፍ ያህል ስለሚሆን፣ 12 ሚሊ ሜትር ለሆነው የእኔ እንጨት ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ቢኤስ 1088 (ለጀልባ የሚሆን ኮምፔርሳቶ የብሪታንያ የጥራት ደረጃ) የሚል ማኅተም ያለበትን ኮምፔርሳቶ ገዝቻለሁ፤ ሙጫው የፈላ ውሃ የሚችል ነው፤ እንጨቱ ግን እርጥበት ከታመቀበት እርሱም ይበሰብሳል።

ይህን ስጽፍ ሐሳቤ ወደ ጣና ሄደ። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ባለቤቱም እንዳይጠጣ አይደክምም። ሥራው ሲያበቃ ከሐይቁ አውጥቶ ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኘው ያደርጋል፤ ሲያረጅ ሌላ ይሠራል። የእንጨትም ነገር ያው ነው፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ ፈንገሱ አያድግበትም። መርጠብ ብቻውን አይገድለውም፤ የሚገድለው ሳይደርቅ መክረሙ ነው። እኛ ግን ውሃ እንዳይገባ ብለን በላይም በታችም ለበጥነው፤ በአንዲት ቀዳዳ የገባውም ውሃ መውጫ አጣ። የጀልባዋ ሠሪዎች በጥንቃቄ የሠሩት ልባስ ያንኑ እንጨት አፍኖ መያዙ በጣም ያሳዝነኛል።

አዲሱን ወለል ከላይ በፋይበርግላስ እሸፍነዋለሁ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹንም አስፍቼ በስቼ፣ በኤፖክሲ ሞልቼ፣ ሲደርቅ መሐሉን እንደገና እበሳለሁ፤ ውሃ ቢያልፍ እንኳ ቃጫውን እንዳያገኝ። በዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም። ያልወሰንኩት የሥረኛውን ፊት ነው። መ. የምለው ወዳጄ ጠርዙንም ሥሩንም ሦስት ጊዜ ኤፖክሲ ቀብቼ እንድደፍነው ይመክረኛል፤ እኔ ደግሞ አንድ ቀን የሚገባው እርጥበት መውጫ እንዲኖረው በቀለም ብቻ ልተወው አስባለሁ። ነገር ግን ከወለሉ በታች ያለው ክፍል ጨለማ ነው፤ አየሩም አይንቀሳቀስም፤ ከጀልባዋ ሆድ የሚነሣው እንፋሎትም በቀጥታ የሚያገኘው ይህንኑ ፊት ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ክፍት የተተወ እንጨት ይደርቃል ወይስ ከሥሩ ይጠጣል?