የቅርንፉዱ ሽታ

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ ነው፣ የካንሰር መድኃኒት በደም ሥር በሚሰጥበት ክፍል፣ ነርስ ሆኜ። አንድ ቀን አንዲት ሐበሻ እናት መጡ። የአንጀት ካንሰር ነው፣ ጉበታቸው ላይ ደርሷል።

ግፊታቸውን ለካሁ። ሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን እንደሌለ አየሁ። «በቅርቡ ቀዶ ጥገና አድርገዋል እማማ?» ስላቸው «ኧረ በጭራሽ!» አሉ። ቤቫሲዙማብ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ሰቅዬ መስመሩን ላገናኝ ጎንበስ ስል ቅርንፉድ ሸተተኝ።

«ጥርስዎን አሞዎታል እንዴ?»

«ተነቀልኩት እኮ! ከትናንት ወዲያ።»

እጄ ባለበት ቀረ። ባትሪ አብርቼ አየሁት፤ ድዳቸው ገና ክፍት ነው፣ ጠርዙ ላይ የቅርንፉድ ስባሪ ተለጥፏል።

«ታዲያ ቀዶ ጥገና የለም አሉኝ?»

«ጥርስ መነቀል ደግሞ ቀዶ ጥገና ነው እንዴ ልጄ?»

እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ የኔ አጠያየቅ ነው። ሐኪሙን ጠራሁት፤ ድዳቸው እስኪድን መድኃኒቱ ይቆይ አለ። ትልቅ ቀዶ ጥገና ቢሆንማ ቢያንስ 28 ቀን ነበር የምንጠብቀው።

«የካንሰር መድኃኒት ከጥርሴ ምን አገናኘው?» ብለው ያዙኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዕጢ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ድረስ ከአካባቢው እየጠባ ይኖራል። ከዚያ ሲያልፍ መሃሉ ኦክስጅን ያጥረዋል። ያኔ ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይለቃል፤ አጠገቡ ያለው የደም ሥር ይህ ሲደርሰው ቅርንጫፍ ያበቅልለታል። ዕጢ የደም ሥር ወደ ራሱ ይጠራል የሚለውን ሐሳብ ጁዳ ፎልክማን የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ መድኃኒቱ ግን እዚህ አገር የተፈቀደው በ2004 ነው። (እስከዚያ ስንቱ ሳቀበት!) በጥድፊያ የተሠራው ሥር ደግሞ የሚያፈስ ነው። የካንሰር ሴሎች በዚያው ሾልከው ደም ውስጥ ይገባሉ። ከአንጀት የሚወጣው ደም መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ስለሆነ ብዙዎቹ እዚያ ይቀራሉ።

«ከጎረቤት ቧንቧ ቀጥሎ ነዋ የሚጠጣው! ሌባ!» አሉ።

«አዎ። ቁስልም ለመዳን አዲስ የደም ሥር የሚጠራው በዚያው ፕሮቲን ነው። መድኃኒቱ ፕሮቲኑን ይይዘዋል እንጂ ከዕጢው ይምጣ ከድድዎ አይለይም።»

አሁን የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «የተቆረጠ፣ የተነቀለ፣ የተሰፋ ነገር አለ?»

ከሳምንታት በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ጥያቄዬን አልጠበቁም። ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ አፋቸውን ከፈቱልኝ።